«የት ነው ያላችሁት?»
ስለ አስቸኳይ ጥሪ ተቀባዮች ሥራ



በአገራችን ስልክ ከመግባቱ በፊት አደጋ የደረሰበት ሰው የሚጠራው ጎረቤቱን ነበር። ቤት ሲቃጠል፤ ወንዝ ሰው ሲወስድ፤ ሌባ በር ሲሰብር «ኡኡ! ያገር ያለህ! የሰው ያለህ!» ይባላል። የሰማም ሁሉ ዱላውን ወይም እንስራውን ይዞ ይሮጣል። ይህ አጠራር ዛሬ ማንም የማያስበው አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ይኸውም ጯሂው የት እንዳለ መናገር አያስፈልገውም ነበር። ድምፁ ራሱ መንገድ ይመራ ነበርና። ሰሚው የሰማው ቅርብ ስለ ሆነ ነው፤ ቅርብ ከሆነም ቤቱን፤ አጥሩን፤ አቋራጩን ያውቃል።

ስልክ ይህን ነገር ገለበጠው። ድምፅን ሩቅ ያደርሳል፤ ቦታውን ግን እዚያው ትቶት ይሄዳል። ኡኡታችንን የምትሰማው ሴት ከከተማው በሌላው ጫፍ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች፤ ሰፈራችንንም በዓይኗ አይታው ላታውቅ ትችላለች።

እኛ የምንኖርበት ሰፈር ስሙ ነፋስ ስልክ ነው። ቃሉ አባቶቻችን ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር ለሚላክ መልእክት ያወጡለት ስም ሲሆን፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያው ነው። ዛሬ ሁላችንም በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ያለ ሽቦ የሚሠራ ስለ ሆነ፤ በእውነቱ ነገር መላው አዲስ አበባ ነፋስ ስልክ ሆኗል ለማለት ይቻላል። የቀድሞው የቤት ስልክ ቢያንስ ከአንድ ግድግዳ ጋር የታሰረ ነበር፤ ቁጥሩን ያወቀ ቤቱን ለማወቅ ይችላል። የኪሱ ስልክ ቁጥር ግን ከባለቤቱ ጋር ይዞራል እንጂ ቤት የለውም። እንግዲህ ነፋስ ያመጣውን ድምፅ ይዞ ሰውዬው ወደ ወደቀበት ክፍል ድረስ መኪና የሚልከው ሠራተኛ ሥራው ምን እንደሚመስል ለማስረዳት እንሞክራለን።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን በ2016 ዓ.ም. ክረምት በተከራየንበት ግቢ የደረሰ ነገር ነው። እኛ ሦስት ተማሪዎች በሳሪስ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ከእኛ ቀጥላ ባለችው ክፍል ሁለት እኅትማማቾች ነበሩ፤ ታላቂቱ የትምህርት ጓደኛችን ናት፤ ታናሺቱ ክረምቱን ለማሳለፍ ከአገር ቤት የመጣች ነበረች። የነሐሴ ዝናብ ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ስለ ዘነበ፤ የታጠበው ልብስ እንዲደርቅላቸውና ክፍሉም እንዲሞቅላቸው ቡና ያፈሉበትን የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ አግብተው በራቸውን ዘግተው ተኙ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ የቤቱ ባለቤት እማማ ለሽንት ሲወጡ የማቃሰት ድምፅ ሰሙና አንኳኩ። መልስ ሲያጡ እኛን ቀሰቀሱን። በሩን ገፍተን ስንገባ ታላቂቱ እየተፋች ተንበርክካለች፤ ታናሺቱ ተኝታለች፤ ብንጠራት ብንነቀንቃት አትነቃም።

ከእኛ አንዱ ወደ አስቸኳይ ቁጥር ደወለ። ንግግሩ በሙሉ ይህ ነበር።

«ሃሎ፤ የት ነው ያላችሁት?»

«አቦ ጋ! ኧረ በእግዚአብሔር፤ ሰው ሊሞትብን ነው! ቶሎ በሉ!»

«የትኛው አቦ ጋ ወንድሜ?»

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የተነገረው ለተዘጋ ስልክ ነው። ወንድማችን ነገሩን የጨረሰ መስሎት ዘግቶታል። ከዚያም ወዲያው በዚያው ስልክ ለልጆቹ አክስት፤ መኪና ላለው ጓደኛችን፤ ለጓደኛችንም ወንድም ደወለ። ሴትዮዋ ደጋግመው መልሰው ቢደውሉ ስልኩ ተይዟል። በእኛ ቤት ጀግንነት እየሠራን ነበር፤ እማማ ሎሚ ቆርጠው ያሸትታሉ፤ አንዱ ውኃ ይረጫል፤ አንዱ ይጸልያል፤ ሁላችንም ግን በዚያችው በር ገርበብ ባለባት ክፍል ውስጥ፤ በምድጃው ዙሪያ ቆመናል። ራሳችንን ሲያመን ድንጋጤው ነው አልን።

በመጨረሻ ስልኩ ገባላቸው። «ወንድሜ፤ አሁን ስልኩን እንዳይዘጉት። ሳሪስ አቦ ነው መካኒሳ አቦ?» አሉ። ሳሪስ መሆኑን ነገርናቸው። «ከባቡሩ ሐዲድ በየት በኩል?» አሉ፤ ነገርናቸው። «ምን ሆኑ?» ሲሉ «ሁለቱም በአንድ ጊዜ ታመሙ፤ አንዷ አትነቃም» አልን። እሳቸውም ለአፍታ ያህል እንኳ ሳይቆዩ «ሁለቱም? ቤት ውስጥ ከሰል አለ?» ብለው ጠየቁ።

ከሰል የሚለውን ቃል ከእኛ ማንም አላነሣም ነበር። «በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ሁለቱንም አሁኑኑ ወደ ደጅ አውጧቸው፤ እናንተም ውጡ፤ ዝናቡ ምንም አያደርጋቸውም፤ ልብስ ደርቡላቸው። ስልኩን አይዝጉት፤ ከእርስዎ ጋር ነኝ» አሉ። አወጣናቸው። መኪናው ደረሰ፤ ኦክሲጅን ተሰጣቸው፤ ታላቂቱ በማግስቱ ወጣች፤ ታናሺቱ ሐኪም ቤት ሁለት ቀን ተኛች። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት አሉ። ዳሩ ግን ስልኩ ራሱ የመዘገበውን በኋላ ስናየው የመጀመሪያው ጥሪ 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፤ ሁለተኛው 5 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ይላል። አሥራ አንድ ደቂቃ። ይህን ያጠፋነው እኛ ነን፤ ሌላ ማንም አይደለም።

ኋላ ላይ እኚህን ሴት ለማመስገን ፈለግናቸው፤ ስማቸውና መሥሪያ ቤታቸው እንዳይጠቀስ ብለው በዕረፍታቸው ቀን ቡና እየጠጣን ሥራቸውን አስረዱን። ብዙ ዘመን የሠሩ ሰው ናቸው። «እንዴት ከሰል መሆኑን አወቁ?» ብለን ስንጠይቃቸው ጥያቄው ያስገረማቸው መሰለን። አንድ ሰው በድንገት ቢታመም ምክንያቱ አንድ ሺሕ ነው፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ሌሊት፤ በአንድ ክፍል፤ በአንድ ጊዜ ቢታመሙ ግን ወይ የበሉት ነው፤ ወይ የተነፈሱት ነው፤ ወሩ ነሐሴ ከሆነማ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ከሰል ነው፤ አሉን። እንግዲህ በዚህ ሥራ ልምድ ማለት ብዙ ማወቅ ብቻ ሳይሆን፤ «ሁለቱም» የምትለዋን ቃል ሳያሳልፉ መስማት ነው።

ለማያውቁት አንባቢያን ያህል፤ ከሰል አየር በማይበቃው ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለው፤ ሽታ የለው። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል ስለሚይዘው፤ ሰውዬው እየተነፈሰ ይታፈናል። ራስ ምታት፤ ማቅለሽለሽ፤ ድካም፤ ከዚያ እንቅልፍ። ሎሚ የሚያደርግለት ነገር የለም። የከሰሉ ፍም ነጭ ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ አይጠፋም፤ ይህን ብዙ የተማሩ ሰዎች እንኳ አያውቁትም፤ እኛም አናውቅም ነበር።

አሁን ወደ ሥራው ሥርዓት እንመለስ። የአስቸኳይ ጥሪ ተቀባይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ሆናችሁ?» ሳይሆን «የት ናችሁ?» ነው። ይህ ለደዋዩ ጭካኔ ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ስልኩ በመካከል ቢቋረጥ፤ ካርዱ ቢያልቅ፤ ባትሪው ቢሞት፤ ደዋዩም ራሱን ቢስት፤ ቦታው ከታወቀ በሽታው ባይታወቅም መኪና መላክ ይቻላል። በሽታው ተዘርዝሮ ቦታው ካልታወቀ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም። ሁለተኛው ጥያቄ መልሶ የሚደወልበት ቁጥር ነው። ሦስተኛው «ነቅቷል ወይ? ይተነፍሳል ወይ?» የሚለው ነው፤ በእነዚህ በሁለቱ መልስ የትኛው መኪና ቀድሞ እንደሚሄድ ይወሰናል። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ብዙ ሰዎች በዚህ ላይ ይቆጣሉ፤ «ጥያቄውን ተይውና መኪናውን ላኪ!» ይላሉ። ጥያቄው መኪናውን የሚያስቆመው ይመስላቸዋል። ሥራው የሚሠራው ግን እንዲህ አይደለም። ቦታው እንደ ተሰማ ከጎን ያለው የስምሪት ሠራተኛ በመገናኛ ሬዲዮ መኪናውን ያስነሣል፤ ጥሪ ተቀባይዋ የምትጠይቀው መኪናው እየሄደ ሳለ ነው። መልሱም ለሹፌሩና ለባለሙያው በመንገድ ላይ ይነገራል። ስለዚህ የሚጠየቀው ሰው ለሚመጡት ሰዎች ሻንጣቸውን እያዘጋጀላቸው ነው ማለት ነው።

ስለ ቦታው ጥያቄ ግን ሰፋ አድርገን መናገር ይገባናል፤ የሥራው ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነውና። በሌላው ዓለም ደዋይ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይሰጣል። በእኛ ከተማ የቤት ቁጥር አለ፤ የራሱን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ቢያውቀውም ቁጥር 412 ከ413 አጠገብ ላይገኝ ይችላል። እኛ የምንኖረው በምልክት ነው። «ከዳቦ ቤቱ ገባ ብሎ፤ ከወፍጮው ፊት ለፊት» እንላለን። ምልክቶቹም ብዙ ጊዜ ታቦታት ናቸው፤ ታቦታት ደግሞ ስም ይጋራሉ። በእኛው ክፍለ ከተማና በአካባቢው ያለውን ብቻ ብንወስድ አቦ ብንል ሳሪስ አቦና መካኒሳ አቦ፤ ገብርኤል ብንል ጎፋ ገብርኤልና ብሥራተ ገብርኤል፤ ሚካኤል ብንል መካኒሳ ሚካኤልና ጀሞ ሚካኤል አሉ። ደዋዩ በሰፈሩ ሳለ ሙሉ ስሙን የሚጠራበት ምክንያት የለውም፤ ለእርሱ ገብርኤል አንድ ነው። እሳቸው እንዳሉን አዲስ ሠራተኛ «ገብርኤል ጋ» ሲባል የሚጽፈው ራሱ የሚያውቀውን ገብርኤል ነው፤ የቆየ ሠራተኛ ግን የሚያውቀውን ገብርኤል ይጠረጥራል።

በጋራ መኖሪያ ቤቶችም ያው ነው። ጀሞ አንድ፤ ጀሞ ሁለት፤ ጀሞ ሦስት ይባላል፤ የብሎክ ቁጥር በየሳይቱ ስለሚደገም «ብሎክ 30፤ ሦስተኛ ፎቅ» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። የሰፈራችንን ስም እንኳ ብንወስድ፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የከተማ ባቡር ነፋስ ስልክ አንድና ነፋስ ስልክ ሁለት የሚባሉ ሁለት ጣቢያዎች አሉት! ይኸው ባቡር ሌላም ጥያቄ አምጥቷል። ሐዲዱ የደብረ ዘይትን መንገድ ለሁለት ስለ ከፈለው፤ መኪና የሚሻገርባቸው ቦታዎች ውሱን ናቸው። በዓይን የምናየው ቤት ለመድረስ ሩቅ ዞሮ መመለስ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ከባቡሩ ወዲህ ነው ወዲያ?» የሚለው ጥያቄ የደቂቃዎች ጥያቄ ነው። «ወዲህ» የሚለው ቃል ደግሞ ለሰሚው ትርጉም ስለሌለው «ከቃሊቲ ወደ ከተማ ሲሄዱ በቀኝ ነው በግራ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ምልክቶቹም አይጸኑም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ ከተጀመረ ወዲህ በከተማው ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ የፒያሳን ሁሉም ያውቀዋል። መንገዱ ሰፍቷል፤ አምሯልም፤ ሰዉ ግን «የድሮው እንትን የነበረበት ጋ» ማለቱን አልተወም። ምልክቱ በዓይን ከጠፋ በኋላ በአፍ ብቻ ይኖራል፤ በአፍ ያለውንም የሚያውቀው የቆየ ሹፌርና የቆየ ጥሪ ተቀባይ ነው። ካርታ ያለው ስልክ ይህን ሁሉ ይፈታል የሚል ጓደኛ አለን። እውነቱን ነው፤ እጁ በማይንቀጠቀጥ ሰው እጅ ከሆነ ይፈታል።

ደዋዩ መናገር ሲያቅተው ጆሮ ይሠራል። የቅዳሴ ድምፅ ይሰማል ወይስ አዛን? የወፍጮ ነው ወይስ የብረት መቁረጫ? ልጅ ከሆነ የደወለው «እማማ የት ገበያ ትሄዳለች? ትምህርት ቤትህ ማን ይባላል?» ይባላል፤ ልጅ አድራሻ ባያውቅ ትምህርት ቤቱን ያውቃልና።

ከቦታው ቀጥሎ የሚከብደው የቋንቋችን ነገር ነው። እኛ ክፉ ነገርን በቀጥታ መናገር አንወድም። መርዶ እንኳ በማለዳ፤ ዘመድ ተሰብስቦ፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። ይህ ጨዋነት ስልኩ ላይም ይመጣል። አንዳንዱ አስቀድሞ «እንደምን አመሻችሁ» ይላል። ቀጥሎም «አባታችንን ትንሽ አመም አድርጓቸው ነበር» ይላል፤ ትንሽ አመም ያደረጋቸው አባት ትንፋሻቸው ከቆመ ደቂቃዎች አልፈዋል። «ደከመች» የሚለው ቃል የሥራ ድካም ሊሆን ይችላል፤ የሞት አፋፍም ሊሆን ይችላል። «ልቤን አመመኝ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመው ጨጓራው ነው፤ ልቡ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ስለዚህ «እጅዎን የሚያምዎት ቦታ ላይ ያድርጉ፤ ከእንብርት በላይ ነው ከደረት መካከል? ወደ ግራ ክንድዎ ይሄዳል? ያልብዎታል?» ተብሎ ይጠየቃል። ደዋዩ አማርኛ የማይቀናው ከሆነማ፤ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ፤ ከጓደኛ ሠራተኞች መካከል ቋንቋውን የሚያውቅ በጥቅሻ ይጠራል። የፈረንጅ መጽሐፍ ይህን ትርጓሜ አያስተምርም። ሐኪም በሽተኛውን ያየዋል፤ ይዳስሰዋል፤ ጥሪ ተቀባይ ግን ያላት ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉም በይሉኝታ የተሸፈነ ነው።

መኪናው እስኪደርስ ድረስ ደግሞ በቃል የሚሠራ ሕክምና አለ። ይህን ሥርዓት አስይዘው በካርድ ላይ ጥያቄውንና ትእዛዙን በተራ የጻፉት ዶክተር ጄፍ ክላውሰን የተባሉ የአሜሪካ ሐኪም ናቸው፤ በሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ። ከዚያ በፊት ጥሪ ተቀባይ በአብዛኛው መኪና ላኪ ብቻ ነበር። ትንፋሹ ለቆመ ሰው «በጀርባው መሬት ላይ አስተኛው፤ የአንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ደርበህ በደረቱ መካከል ላይ አድርግ፤ በኀይል ተጫን፤ ልቀቅ፤ አብረን እንቁጠር» ትላለች፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው የሚጫነው። ለሚደማ ሰው ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ ሳያነሡ መጫን ነው። ለተቃጠለ ሰው ሃያ ደቂቃ ያህል የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ነው እንጂ ቅቤና የጥርስ ሳሙና አይደለም።

በእኛ አገር ግን ከሚታዘዘው ይልቅ የሚከለከለው ይበዛል። የሚጥል በሽታ የተነሣበትን ሰው ሰዎች ለመንካት ይፈራሉ፤ ይተላለፋል ይላሉ፤ ክብሪት ጭረውም ያሸትቱታል። ጥሪ ተቀባይዋ «ክብሪቱን አጥፉ፤ አፉ ውስጥም ምንም አታስገቡ፤ የሚመታውን ነገር ከአጠገቡ አንሡ፤ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት» ማለት አለባት፤ ይህንም ስትል ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከዙሪያው ከቆመው ሰው ሁሉ ጋር መከራከሯ ነው። ሴትዮዋ እንዳሉን በዚህ ጊዜ የሚረዳቸው መጮኽ ሳይሆን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ነው። ደዋዩ ለመስማት ሲል ዝም ይላል፤ በዙሪያው ያሉትንም ዝም ያሰኛል። ወጣቱን «ወንድሜ፤ እኅቴ»፤ ሸምገል ያሉትን «አባቴ፤ እናቴ» እያሉ ይጠሯቸዋል፤ ሰው በዘመድ ስም ሲጠራ ትእዛዝ ይቀበላልና።

ስለ ቁጥሮቹ ጥቂት እንበል። በዓለም የመጀመሪያው የአስቸኳይ ጥሪ ቁጥር የለንደኑ 999 ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1935 በዊምፖል መንገድ በሚገኝ የአንድ ሐኪም ቤት ላይ እሳት ተነሥቶ አምስት ሴቶች ሞቱ፤ አንድ ጎረቤት ለእሳት አደጋ ሲደውል የስልክ ቤቱ ሠራተኞች ከሌሎች ደዋዮች ጋር ተራ አስጠበቁት። ሰውዬው ተቆጥቶ ለጋዜጣ ጻፈ፤ ነገሩም ተመርምሮ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1937 ቁጥሩ ሥራ ጀመረ። 111 ያልተመረጠው ሽቦዎች በነፋስ ሲነካኩ ያንን ቁጥር የደወሉ ያህል እየሆኑ ስለሚያስቸግሩ ነው ይባላል፤ ነፋስ እዚያም ስልክ ይደውል ነበር ማለት ነው። የአሜሪካው 911 በአላባማ ግዛት በሄይሊቪል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1968 ነው።

እኛ አንድ ቁጥር የለንም። በአዲስ አበባ ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ 939፤ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ 907፤ ለፖሊስ 991 ይደወላል። ክብረት አበበ የተባሉ የማደንዘዣ ባለሙያ ቤታቸውን ሸጠው እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመሩት ጠብታ አምቡላንስም 8035 አለው። ስለዚህ በእኛ ከተማ የተደናገጠ ሰው አስቀድሞ የራሱን መከራ መመደብ አለበት፤ እሳት ነው? ሕመም ነው? ወንጀል ነው? መኪና ገጭቶ፤ ሰው ቆስሎ፤ መኪናው ሲጨስ ወደ የትኛው ይደወላል? በእኛ አስተያየት ወደ አንዱ ደውሎ ስልኩን ሳይዘጉ መቆየት ሦስቱንም ከመሞከር ይሻላል፤ ጥሪ ተቀባይዋ ለሌላው ማስተላለፍ ከደዋዩ ይልቅ ይቀላታልና። አንድ ቁጥር እንዲኖረን መጠየቅ ግን ለእኛ ለተማሪዎች የሚገባ ጥያቄ ነው።

ነገር ግን አንዳንዱን ለመጠየቅ ፊት ያስፈልጋል። የአስቸኳይ ጥሪ ተቀባዮችን ከሚያሰለቻቸው ሁሉ የሐሰት ጥሪ ዋናው ነው። ሕፃናት በእናታቸው ስልክ ይደውላሉ፤ ይህ ይሁን። ሰካራም ሌሊት ወግ ለመያዝ ይደውላል፤ የሴት ድምፅ ለመስማት የሚደውልም አለ። ከዚህም በላይ «እሳት ተነሥቷል» ብለው መኪና አስነሥተው የሚስቁ አሉ፤ ከእነዚህ መካከል በመኝታ ቤት ተሰብስበው የሚሳሳቁ የእኛው ወንድሞች እንዳሉበት እናውቃለን፤ ስማቸውን ባንጽፍም ይህን ገጽ ሲያነቡ ራሳቸውን ያውቃሉ። ጥሪ ተቀባይዋ ግን ሐሰት መሆኑን በልቧ ብትጠረጥርም በእርግጠኝነት መዝጋት አትችልም። በሳቅ መካከል የደወለ ሁሉ የሚቀልድ አይደለም፤ በድንጋጤ የሚስቅ ሰው አለ።

የብዙ ሰው አደጋ ሲሆን ደግሞ ጥሪው ጎርፍ ይሆናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ከክፍለ ከተማችን ብዙም ሳይርቅ በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች በሞቱበት ዓይነት ሌሊት፤ አንዱ ቤት ፈረሰ ይላል፤ ሌላው መሬት ተናደ ይላል፤ ሌላው ልጄ ጠፋ ይላል። አንድ አደጋ ነው ወይስ ሦስት? ሁሉም አንድ ነው ብሎ የወሰነ ሠራተኛ፤ ከመካከላቸው በሌላ ሰፈር ምጥ የያዛትን ሴት ጥሪ አብሮ ሊጥለው ይችላል።

ሴትዮዋን «ከሁሉ የሚከብድዎት ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። እኛ የሞት ነገር የሚነግሩን መስሎን ነበር። የከበዳቸው መጨረሻውን አለማወቅ ነው። በር ሲንኳኳ፤ «መጡ! መጡ!» ሲባል ይሰማቸዋል፤ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል፤ ሌላ ስልክ ይጮኻል። ሕፃኑ ዳነ አልዳነ አያውቁም። በብዙ ዘመናቸው ሊያመሰግናቸው የመጣ ሰው እምብዛም እንደሌለ ነገሩን፤ እኛም ቡናውን እየጠጣን አፈርን፤ ምክንያቱም የመጣነው ከአራት ወር በኋላ ነውና። ታናሺቱ ልጅ ደኅና መሆኗን ስንነግራቸው ስኒውን አስቀምጠው «እርሷም ነቃች?» አሉ። እኛ ያወቁት መስሎን ነበር።

ወደ ግቢያችን ስንመለስ በእሳቸው ምክር አንድ ወረቀት ጽፈን ከበሩ በስተ ውስጥ ለጠፍን። መጻፉ ቀላል አልነበረም። እማማ «አቦ ጋ ብላችሁ ጻፉ፤ ማን ያጣዋል?» ሲሉ ተከራከርናቸው። በመጨረሻ እንዲህ ተጻፈ፤ «ሳሪስ አቦ፤ መካኒሳ አይደለም። ከቃሊቲ ወደ ከተማ ሲመጡ ከሐዲዱ በግራ። ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ባለው ኮብልስቶን ገብቶ አራተኛው በር፤ አረንጓዴ ቆርቆሮ። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ አስፋልቱ ድረስ ይውጣ። ስልክ አትዝጉ።» ከሥሩ ቁጥሮቹ አሉ።

ለጥምቀት እማማ በሩን ሰማያዊ ቀለም አስቀቡት። አረንጓዴ የሚለውን ሰርዘን ሰማያዊ ብለን ጽፈናል።